ዛጎል የደንጊያን ዕድሜ ሲናገር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት ለሳይንስ ክበብ አባሎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የሳይንስ ክበቡ አባሎች ስለ ምድር ጥናት ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ፥ ስለ እሳተ ገሞራ ወይም ስለ ወርቅ እናገራለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት በቤተ ሙከራችን ቁም ሣጥን ውስጥ፥ በታችኛው መደርደሪያ ላይ፥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠውን ዛጎል ነው። ዛጎሉ ደንጊያ ሆኗል። ከእናንተ በፊት እዚህ የተማሩ ልጆች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሄደው ሲመለሱ፥ አንዳንዱን ከዓባይ በረሓ፥ አንዳንዱን ከትግራይ፥ አንዳንዱንም ከሐረርጌ ይዘውት የመጡ ነው። ይህ ዛጎል ስሙ በትክክል ከታወቀና የተነሣበት ንጣፍ ከተጻፈ፥ ስለ አንድ ተራራ ዕድሜ የሚመሰክር ምስክር ይሆናል፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን የጠረጴዛ ጌጥ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወላጆች መካከል ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ። የባሕር ዛጎል ከባሕር ይህን ያህል ርቆ፥ በደጋ አገር ገደል ውስጥ ምን አመጣው? በኖኅ ዘመን የመጣው ውኃ ጥሎት የሄደ አይደለምን? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የአውሮጳም ሊቃውንት ብዙ ዘመን ተከራክረውበታል። ኢጣልያዊው ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የዛሬ 500 ዓመት ገደማ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ስለዚህ ነገር ጽፏል። በሎምባርዲያ ተራሮች የሚገኘው ዛጎል ከአድርያቲክ ባሕር 250 ማይል ያህል ይርቃል፤ በቀን ጥቂት ክንድ ብቻ የሚንፏቀቅ እንስሳ ይህን መንገድ በ40 ቀን እንዴት ይጨርሰዋል? ማዕበል ጠርጎት ቢሆን ደግሞ ተሰባብሮና ተደባልቆ በአንድ ቦታ ተከምሮ ይገኝ ነበር እንጂ፥ ትልቁም ትንሹም በአንድነት እንደኖረበት ሆኖ፥ በየንጣፉ ተራ በተራ ባልተገኘ ነበር። ሊዮናርዶ የተሟገተው ከመጽሐፍ ጋራ አይደለም፤ የመዘነው የዛጎሉን እርምጃ ነው። እንግዲህ ዛጎሉ ወደ ተራራው አልወጣም፤ ተራራው ራሱ አንድ ጊዜ የባሕር ወለል ነበረ ማለት ነው።

መቼ ነበረ የሚለው ግን ከዚህ የከበደ ጥያቄ ነው። እናቶቻችን እንጀራ ጋግረው በመሶብ ሲደራርቡት፥ ከታች ያለው አስቀድሞ የተጋገረ፥ ከላይ ያለው ኋላ የተጋገረ መሆኑን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ በ1669 ስለ ደንጊያ የጻፈው ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውኃ ውስጥ የረጋው ጭቃና አሸዋ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ይከመራል፤ የታችኛው ንጣፍ ታላቅ፥ የላይኛው ታናሽ ነው። ነገር ግን የእኛን ቤት መሶብና የጎረቤታችንን መሶብ አጠገብ ላጠገብ ብናስቀምጥ፥ ከሁለቱ ቤት የትኛው እንጀራ ከየትኛው ጋራ በአንድ ቀን እንደተጋገረ መደራረቡ ብቻውን አይነግረንም። በዓባይ ገደል ያለው ነጭ ደንጊያና በመቀሌ አጠገብ ያለው ነጭ ደንጊያ ዕድሜያቸው አንድ ነውን? ቀለማቸው ይመሳሰላል፤ ቀለም ግን ያታልላል፤ ባሕር በማንኛውም ዘመን ነጭ ጭቃ ሊያረጋ ይችላልና።

ለዚህ እንቆቅልሽ ፍቺ ካገኙት ሰዎች አንዱ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጠ ሰው ነበረ። ዊልያም ስሚዝ በ1769 በእንግሊዝ አገር በአንድ ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ቀጥቃጭ ነበር፤ ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው ሞተ። የዚያ መንደር ልጆች ከእርሻ የሚለቅሙትን ክብ ክብ የደንጊያ ዛጎል፥ የእኛ ልጆች ብይ እንደሚጫወቱበት ይጫወቱበት ነበር። ወተት አላቢዎቹ ሴቶች ደግሞ ትልልቁንና ጠፍጣፋውን የባሕር እንስሳ ደንጊያ ለቅቤ መመዘኛ ያደርጉት ነበር። ስሚዝ ካደገ በኋላ የመሬት ቀያሽ ሆነና፥ በሶመርሴት የድንጋይ ከሰል የሚጓጓዝበት የውኃ ቦይ ሲቆፈር ሥራውን እንዲመራ ተቀጠረ። ቦዩ ረጅም ስለ ነበረ ብዙ ንጣፍ ያቋርጣል። ስሚዝ ከየንጣፉ የሚወጣውን ዛጎል እየለየ ሲያስቀምጥ፥ እያንዳንዱ ንጣፍ የራሱ ዛጎል እንዳለው፥ ይኸውም ተራ ከቦታ ቦታ እንደማይዛባ ተመለከተ። ሁለት ንጣፎች በመልክ ፍጹም ቢመሳሰሉም በዛጎላቸው ይለዩ ነበር።

በ1799 በባዝ ከተማ የንጣፎቹን ተራ ከነዛጎላቸው ለሁለት ካህናት ወዳጆቹ አስጻፈ። በ1815 የእንግሊዝንና የዌልስን የደንጊያ ንጣፍ በየቀለሙ የሚያሳይ፥ ቁመቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ካርታ አሳተመ። የሰውዬው ዕድል ግን ከሥራው ጋራ አልሄደም። ዕዳ ስለ ተጫነው የለቀማቸውን ዛጎሎች ለብሪቲሽ ሙዚየም ሸጠ፤ በ1819ም ስለ ዕዳው ታሠረ። የለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር የመጀመሪያውን የወላስተን ሜዳይ የሸለመው በ1831 ነው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም በሕይወቱ ሳለ ደርሶለታል።

አሁን ወደ ዛጎሉ ራሱ እንምጣ። ዘመንን ለመለየት ሁሉም ዛጎል እኩል አይጠቅምም። መልካም ምስክር የሚሆነው ዓይነት በምድር ላይ የቆየው ለአጭር ጊዜ ሆኖ፥ በሰፊ ባሕር የተሠራጨ፥ በብዛት የሚገኝ፥ ከሌላውም በቀላሉ የሚለይ ነው። ይህን ሁሉ ከሞላ ጎደል አሟልቶ የተገኘው አሞናይት የሚባለው ነው። አሞናይት እንደ በግ ቀንድ የተጠመጠመ ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ ነበረ፤ ስሙም የበግ ቀንድ አለው ተብሎ ይሳል ከነበረው ከጥንቱ የግብፅ ጣዖት ከአሞን የመጣ ነው። ዘሩ የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጠፍቷል። በሩቁ የሚዛመደውና በዛጎሉ የሚመስለው ናውቲለስ ግን በሕንድና በፓሲፊክ ውቅያኖሶች አሁንም ይኖራል።

የአሞናይት ቤት በውስጡ በግድግዳ እየተከፈለ ብዙ ክፍል አለው። እንስሳው በመጨረሻው ክፍል ብቻ ይኖራል፤ ሲያድግ ወደ ፊት እየተጓዘ ከኋላው አዲስ ግድግዳ ይሠራል። ይህ ግድግዳ ከውጭው ቅርፊት ጋራ በሚጋጠምበት ላይ አንድ መስመር ይፈጠራል። መስመሩ በጥንታውያኑ ዘሮች ቀለል ያለ መታጠፊያ ብቻ ሲሆን፥ በኋለኞቹ ላይ እንደ ጥልፍ እየተሰነጣጠቀና እየተቀጠለ ሄዷል። የውጭው ቅርፊት ሳይላጥ ግን ይህ ጥልፍ አይታይም። ስለዚህ ሙሉና የሚያብለጨልጭ ዛጎል ያገኘ ተማሪ ደስ ሲለው፥ ቅርፊቱ የተላጠ ያገኘው ይበልጥ ሊደሰት ይገባዋል። ከዚህ ሌላ የመጠምጠሙ ልክ ይታያል፤ ይኸውም የውጭው ዙር የውስጡን ይሸፍነዋል ወይስ ሁሉም ዙር ይታያል ማለት ነው። በጎኑ ላይ ያሉት ሰንበሮች ቀጥ ያሉ ናቸው ወይስ ወደ ጠርዙ ሲደርሱ መንታ ይሆናሉ? ጠርዙስ ድፍን ነው ወይስ እንደ ታንኳ ሆድ ስለት አለው? ስም የሚሰጠው እነዚህ ሁሉ ከተመረመሩ በኋላ ነው።

ይህን ምርመራ እስከ ጥጉ የወሰደው አልበርት ኦፔል የተባለ ጀርመናዊ ነው። ከ1856 እስከ 1858 ባሳተመው መጽሐፉ፥ በፈረንሳይና በስዊስ መካከል ባሉት የዩራ ተራሮች ስም የሚጠራውን የዩራ ዘመን ደንጊያ በ33 ዞኖች ከፈለው። የኦፔል ብልሃት የደንጊያውን ዓይነት ወደ ጎን ትቶ ዛጎሉን ብቻ መከተሉ ነበረ። የእያንዳንዱን ዓይነት የመጀመሪያ መታየትና የመጨረሻ መጥፋት በየአገሩ እየመዘገበ አነጻጸረ። በ34 ዓመቱ በ1865 ሞተ፤ መንገዱ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አሁን በሰሜን ምዕራብ አውሮጳ የዩራ ዘመን ዞኖች በዝተው፥ አንዱ ዞን በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ያነሰ ጊዜ ይይዛል። የዩራ ዘመን መጀመሪያ ራሱ የሚቆጠረው፥ በኦስትሪያ ኩህዮክ በተባለ ተራራ ላይ ፕሲሎሴራስ ስፔሌ የተባለው አሞናይት መጀመሪያ ከታየበት ንጣፍ ጀምሮ እንዲሆን በ2010 በዓለም አቀፍ ስምምነት ጸድቋል። የአንዲት ዛጎል ብቅ ማለት የዘመን ድንበር ሆነ ማለት ነው።

ስሙ ከተሳሳተ ደግሞ ድንበሩም ይሳሳታል። የዚህ ሙያ ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ ነው። የማይዛመዱ ሁለት አሞናይቶች፥ በተለያየ ዘመን የኖሩ ሳሉ፥ አኗኗራቸው ስለ ተመሳሰለ ብቻ መልካቸው ይመሳሰላል፤ መልኩን ብቻ አይቶ የሰየመ ሰው አንዱን ተራራ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ያስረጀዋል። ሌላም ችግር ነበረ። በአንድ ንጣፍ ውስጥ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ አሞናይት ሁልጊዜ አብረው ይገኛሉ፤ ትንሹ በአፉ ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የወጣ ነገር አለው። ሊቃውንቱ እነዚህን ሁለት ልዩ ልዩ ዓይነት ናቸው ብለው ሁለት ሁለት ስም ሲሰጧቸው ኖሩ። በ1962 ፖላንዳዊው ሄንሪክ ማኮቭስኪ፥ በ1963ም እንግሊዛዊው ጆን ካሎመን ሁለቱ የአንድ ዘር ሴትና ወንድ መሆናቸውን በየበኩላቸው አስረዱ። ካሎመን በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ኬሚስትሪ ነበረ፤ አሞናይትን የሚያጠኑት በትርፍ ጊዜያቸው ነው። ይህን የምነግራችሁ ኬሚስትሪን ለማስተው ሳይሆን፥ በመካከላችሁ ወደ ሌላ ሙያ የምታዘነብሉ ብትኖሩ ይህ ደጅ እንዳልተዘጋባችሁ እንድታውቁ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሄድ መንገደኛ ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ፥ በአውቶቡስ መስኮት የሚያየው ገደል ከላይ ወደ ታች የሚነበብ መጽሐፍ ነው። ከሁሉ በላይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ደንጊያ አለ። ከሥሩ አሸዋ ደንጊያና የጭቃ ደንጊያ፥ ቀጥሎ 400 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የኖራ ደንጊያ፥ ከዚያም ጀሶ የተቀላቀለበት ንጣፍ፥ በመጨረሻም ቀላ ያለ የጥንት አሸዋ ደንጊያ ይመጣል። ዛጎሉ ያለው በኖራው ደንጊያ ውስጥ ነው።

ጥቁሩ ደንጊያ በራሱ ሰዓት አለው። በውስጡ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ጥቂት በጥቂት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፥ ሊቃውንት ይህን ለክተው ዕድሜውን ያውቃሉ። የሊማሊሞን ገደል ጨምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ያለው ይህ ደንጊያ አብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደ ፈሰሰ በ1997 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ይህ ልኬት ስለ ኖራው ደንጊያ ምን ይነግረናል? ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያረጀ ነው ከማለት በቀር ምንም። በ10 ሚሊዮን ይብለጠው ወይም በ200 ሚሊዮን አናውቅም፤ የኖራ ደንጊያ ራሱ እንዲህ ያለ ሰዓት የለውምና። ሰዓቱ ዛጎሉ ነው። ዛጎሎቹ ሲመረመሩ የዩራ ዘመን ዛጎሎች ሆነው ተገኙ፤ የዩራ ዘመን የዛሬ 201 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የዛሬ 145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለቀ ነው። ስለዚህ በአንድ ገደል ላይ በነጩና በጥቁሩ ደንጊያ መካከል ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለ። መንገደኛው በአውቶቡስ በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል።

የዚህን የኖራ ደንጊያ ስም ለሊቃውንት ዓለም ያስተዋወቀው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፥ ብላንፎርድ የጂኦሎጂ ባለሙያ ሆኖ አብሮ መጣ። በእንደርታ በአንጣሎ አካባቢ ያየውን ደንጊያ የአንጣሎ የኖራ ደንጊያ ብሎ ሰየመው፤ የዩራ ዘመን መሆኑንም በውስጡ ካገኛቸው ዛጎሎች ተረዳ። መጽሐፉ የታተመው በ1870 ነው። ያ ዘመቻ ለአገራችን ምን እንደ ሆነ የታሪክ መምህራችሁ ነግረዋችኋል፤ እኔ አልደግመውም። ከዘመቻው ጓዝ ውስጥ አንድ መዶሻም እንደ ነበረበት ግን ማወቅ አይከፋም።

በዓባይ ሸለቆ አሞናይት ጥቂት ነው። በብዛት የሚገኘው ብራኪዮፖድ የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ነው፤ በቁም ሣጥናችን ውስጥም የሚበዛው እርሱ ነው። ዛሬ በባሕር ዳር የምናውቀው ሌላው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ግራና ቀኝ ክዳኑ እኩል ስለሆነ፥ የሚከፈለው በሁለቱ ክዳኖች መካከል ነው። ብራኪዮፖድ ግን አንዱ ክዳን ትልቅ ሌላው ትንሽ ሆኖ፥ የሚከፈለው በእያንዳንዱ ክዳን መካከል ከአፍንጫው እስከ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ነው። በእርሳስ አስምራችሁ ሞክሩት። በትልቁ ክዳን ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ እንስሳው ከባሕሩ ወለል ጋራ ራሱን ያሰረባት ግንድ የምትወጣባት ናት።

ብራኪዮፖድን መሰየም ከአሞናይትም ይከብዳል፤ ብዙዎቹ በውጭ መልካቸው መንትያ ይመስላሉና። በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠሩ የነበሩት ወይዘሪት ሄለን ሙር ዉድ ይህን ለመፍታት ዛጎሉን ጥቂት በጥቂት እየፈጩ፥ በየእርከኑ ውስጡ የሚታየውን ቅርፅ በተራ ይስሉ ነበር። ሥዕሎቹ ሲደረደሩ የእንስሳው የውስጥ አካል ይገለጣል፤ ዛጎሉ ግን አልቋል። ስሙን ለማወቅ ሲባል ራሱ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ ቦታ አንድ ብቻ ማምጣት አይበቃም፤ የሚፈጭና የሚቀመጥ ያስፈልጋል። ሊቋ ከሶማሌላንድ የመጡትን ዛጎሎች መርምረው በ1935 አሳተሙ፤ ከሰየሟቸውም አንዱን ሶማሊሪንኪያ አፍሪካና አሉት። በጠርዙ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተጣጠፈ ዛጎል ነው። ይኸው ዛጎልና የቅርብ ዘመዶቹ በአገራችን የኖራ ደንጊያ፥ በዐረብ አገር፥ በሲና በረሓና በእስራኤል በኔጌብ ይገኛሉ፤ በአውሮጳ ባሕር ከነበሩት ግን የተለዩ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ሊቃውንቱ ያንን ጥንታዊ ባሕር የኢትዮጵያ ክፍለ ሀገር ይሉታል። ቀይ ባሕር ገና አልተከፈተም ነበርና፥ ዛሬ ሁለት ዳርቻ የሆነው ያን ጊዜ አንድ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበረ።

ይህ የባሕር መለያየት ሥራውን ያከብደዋል። የአውሮጳን ዞን በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት አይቻልም፤ ከሰፈር ወደ ሰፈር እያያያዙ ነው እንጂ። ደግሞም ብራኪዮፖድ ከወለል ጋራ የታሰረ ስለሆነ፥ በአንድ ንጣፍ ውስጥ አለመገኘቱ ዘመኑ አልደረሰም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ወለሉ ጭቃ ስለ በዛበት አልተስማማውም ይሆናል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ብዙ ይሳሳታል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለኑሮ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፥ በመቀሌ አካባቢ ለሲሚንቶ የሚቆረጠው ይኸው የአንጣሎ ደንጊያ መሆኑን ልንገረው። ዘይትና ጋዝ የሚፈልጉ ሰዎችም ጉድጓድ ሲቆፍሩ በየትኛው ንጣፍ ላይ እንደ ደረሱ የሚያውቁት በዛጎል ነው፤ መቆፈሪያው ትልቁን ስለሚሰባብረው በማጉያ መነጽር የሚታየውን ደቃቁን ይመረምራሉ። ይህን በአጭሩ አልፌዋለሁ፤ ከእናንተ የምፈልገው ሌላ ነውና።

በቁም ሣጥናችን ካሉት ዛጎሎች ወረቀት የተያያዘበት አንድ ብቻ ነው። በላዩ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ከዓባይ» ይላል። ልጁ በመጻፉ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን የዓባይ የኖራ ደንጊያ 400 ሜትር ነው፤ ከላይኛው ጫፍ የተነሣውና ከታችኛው የተነሣው ዛጎል በመካከላቸው ብዙ ሚሊዮን ዓመት አለ። የሌሎቹን ወገናቸውን ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ይህ ብራኪዮፖድ ነው፥ ያ የኦይስተር ዘመድ ነው እላለሁ። ከየትኛው ንጣፍ እንደ ተነሡ ግን አሁን ማንም ሊነግረን አይችልም። እነዚያ ልጆች አድገዋል፤ ገደሉንም መንገድ ሠሪዎች በየጊዜው ይቆርጡታል።

ስለዚህ በሚመጣው ዕረፍት ወደዚያ አገር የምትሄዱ ተማሪዎች፥ ዛጎል ብታዩ ከማንሣታችሁ በፊት ፎቶግራፍ አንሡት፤ በአጠገቡም መጠኑን የሚያሳይ እርሳስ አኑሩ። ከገደሉ ላይ ተጣብቆ ያለውን አትንኩት፤ መዶሻ ይዞ መሄድም ያለ ባለሙያና ያለ ፈቃድ አይገባም። ወድቆ ያገኛችሁት ከሆነ፥ ከየት እንደ ተንከባለለ ስለማይታወቅ፥ «ወድቆ የተገኘ» ብላችሁ ጻፉ። የቦታውን ስም፥ ከድልድዩ ወይም ከታወቀ ምልክት ያለውን ርቀት፥ ከበላዩና ከበታቹ ያለውን የደንጊያ መልክ፥ ቀኑንና ስማችሁን መዝግቡ። ወረቀቱ ከዛጎሉ ጋራ በአንድ ከረጢት ይግባ፤ ለብቻው በደብተር የተጻፈ ይጠፋል።

የቁም ሣጥኑን የታችኛውን መደርደሪያ ክበቡ አጽድቶ ለሁለት ይከፍለዋል። በግራ በኩል ያሉት አሮጌዎቹ ለመሰየም መለማመጃ ይሆናሉ፤ በእርሳስ አስምሩባቸው፥ አገላብጡ፥ ተከራከሩባቸው። የቀኙ በኩል ለጊዜው ባዶ ነው፤ ወረቀት ያለው ዛጎል ሲመጣ በዚያ ይቀመጣል። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከቤተ ሙከራው ኃላፊ ዘንድ ነው።